«ድንገት ነው» ከማለታችን በፊት



ጀናዛ ሸኝተን ለተዕዚያ ስንቀመጥ ደጋግመን የምንሰማው ቃል «ድንገት» የሚል ነው። ምን አመማቸው ሲባል፣ «ምንም፣ ዒሻ ሰግደው ገቡ፣ ሌሊት አጀላቸው ደረሰ» ይባላል። አጀል ሐቅ ነው፤ በዚህ ክርክር የለም። ግን ትንሽ ቆይተህ ቤተሰቡን ብታናግር፣ አባትየውም በአርባዎቹ ዕድሜ ደረታቸውን ይዘው እንደወደቁ፣ አንድ አጎትም እንዲሁ እንደሆኑ ይነግሩሃል። ታዲያ ይህ ምኑ ነው ድንገት? ከአባትየው ሞት ጀምሮ ሊጠረጠር ይችል ነበር፤ የጠየቀ ሰው ግን አልነበረም።

ሐኪሞች ለዚህ ግልጽ መለኪያ አላቸው። አባትህን ወይም ወንድምህን ከ55 ዓመት በፊት፣ እናትህን ወይም እህትህን ከ65 ዓመት በፊት የልብ ደም ሥር መዘጋት ካገኛቸው፣ አንተ ላይ ያለው ስጋት ከሌላው ሰው ከፍ ይላል። አያትህ በ85 ዓመታቸው በልብ ቢሞቱ ያን ያህል አያስጨንቅም። ዋናው ነገር ዕድሜው ነው።

መጥፎ የሚባለው ኮሌስትሮል ከልደት ጀምሮ በደም ውስጥ የሚበዛበት፣ በዘር የሚተላለፍ ሕመምም አለ። ከ250 ሰው አንዱ ገደማ አለበት። አንዱ ወላጅ ካለበት እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ቀጭን ነኝ፣ ኳስ እጫወታለሁ ማለት አያድንም። ሕመሙ አይሰማም፤ በደም ምርመራ ግን ይታያል። ስታቲን የሚባለው ኪኒን በጊዜ ከተጀመረ ስጋቱን በብዙ ይቀንሰዋል።

ሁሉም የልብ ሕመም የዘር ነው እያልኩ አይደለም። በአገራችን ብዙ ወጣት የሚሰቃይበት የልብ ሕመም በልጅነት በደንብ ካልታከመ የጉሮሮ ሕመም የሚመጣ ነው። ደግሞም ከአባት የሚወረሰው ደም ብቻ አይደለም፤ ሲጋራውም፣ ጨው የበዛበት ወጡም፣ በርጫውም ይወረሳል። ጫት የደም ግፊትንና የልብ ምትን ከፍ ያደርጋል፤ በየመን የተደረጉ ጥናቶችም ከልብ ሕመም ጋር አያይዘውታል። አባቱ በልብ የሞተበት ልጅ ከሰዓት በኋላውን በጫትና በሺሻ ሲያሳልፍ ሳይ ዝም ማለት ይከብደኛል።

«ቀደር ነው» የሚለኝ ወንድም አይጠፋም። ዑመር (ረ.ዐ) ወደ ሻም ሲጓዙ ወረርሽኝ መግባቱን ሰምተው ከመንገድ ተመልሰዋል። ቀደርን ከእኛ በላይ ያውቁ ነበር። ሰበብ ማድረስ ኢማንን አያጎድልም።

ከቀደሩ ይልቅ እኔን የሚያስቸግረኝ መደባበቁ ነው። ኒካሕ ሲታሰብ ዘር እስከ ስንት ቤት ይቆጠራል፤ በዘሩ ውስጥ ያለው በሽታ ግን ልጅቷ እንዳትቀር፣ ልጁ እንዳይናቅ ተብሎ ይሸፈናል። ልጆቹ ራሳቸውም ሳያውቁት ያድጋሉ። የጎረቤትን ነውር መሸፈን ሌላ ነው። ይህ ነውር አይደለም፤ ለራስ ልጅ መነገር ያለበት ነገር ነው።

ለዒድ ቤተሰብ ሲሰበሰብ ትልልቅ አክስቶች ሁሉንም ያስታውሳሉ። አያታችን በስንት ዓመታቸው ሞቱ? ከመሞታቸው በፊት ምን ይላቸው ነበር? ግፊት ወይም ስኳር ያለበት ማን ነው? ብለህ ጠይቅ። የነገሩህን በወረቀት ጻፈው፤ ግፊትህን ለመለካት ጤና ጣቢያ ስትሄድም ይዘኸው ግባ።