ማርክ ሊስቱ እውነቱን ይናገር

በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለምታገለግሉ ነባር መምህራን፣ ርዕሳነ መምህራንና ሱፐርቫይዘሮች

የተከበራችሁ የሙያ ታላላቆቼ፣

የመጀመሪያ የማስተማር ዓመቴን ያሳለፍኩት መርካቶ አቅራቢያ ባለ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ሰባተኛ ክፍል አማርኛ ሳስተምር ነው። በሙያችን መሰላል ላይ ያለሁት «ጀማሪ መምህር» በምትባለው የመጀመሪያ ደረጃ ነው፤ ከእናንተ መካከል «መሪ መምህር» እና «ከፍተኛ መሪ መምህር» የደረሳችሁ አላችሁ። ስለዚህ ላስተምራችሁ አልተነሣሁም። አንድ ነገር ልለምናችሁ ነው፤ የማያነብ ልጅ እንደሚያነብ አድርገን ማርክ መሙላት ይብቃን።

ደብዳቤውን ለሚኒስትር ወይም ለቢሮ ኃላፊ ያልጻፍኩት ፈርቼ አይደለም። ስለ ደመወዝ፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ መጽሐፍ እጥረት ለእነሱ ሲጻፍ ኖሯል፤ ገናም ይጻፋል። ማርክ ሊስት ላይ የሚሰፍረው ቁጥር ግን ከእኛው እስክሪብቶ የሚወጣ ነው።

ስለ አንድ ልጅ ልንገራችሁ። ስሙን አልጠራም፤ የእሱ ቢጤ በየክፍላችሁ አለ። መስከረም ላይ ከምንባቡ አንድ አንቀጽ እንዲያነብ አስነሣሁት። መጽሐፉን በሁለት እጁ ይዞ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ጥርት አድርጎ አነበበው። ያነበበው ግን ከእሱ በፊት የተነሣችው ልጅ ያነበበችውን አንቀጽ ነበር፤ ሰምቶ በቃሉ ይዞታል። የሚቀጥለውን እንዲያነብልኝ ስጠይቀው «ቲቸር፣ መነጽሬን ቤት ረስቼው ነው» አለኝ። መነጽር ኖሮት አያውቅም። ክፍሉ ሳቀ፤ እሱም አብሮ ሳቀና ተቀመጠ።

ሲወጡ አስቀርቼው የፊደል ገበታ ዘረጋሁለት። ግዕዙን አሳምሮ ያውቀዋል። ሳድስ ላይ ያመነታል፤ ራብዕና ኃምስ ይምታቱበታል፤ «ላ»ን «ሌ» ይላል። «ሏ» እና «ቧ» ጋ ሲደርስ ዝም ነው። ሰነፍ እንዳትሉት። ከትምህርት ቤት መልስ ምናለሽ ተራ ከአጎቱ ጋር ቆርቆሮ ሲቀጠቅጥ ያመሻል፤ የዋጋ ሒሳብ በቃሉ ሲሠራ እኔ አልደርስበትም። አንደኛ ክፍል ሲገባ ቤቱ የሚነገረው ስልጥኛ ነበር፤ አማርኛን የለመደው ከሰፈር ልጆች ነው። ፊደሉ ያመለጠው ያኔ ነው። ከዚያ ወዲህ ስንት መምህር እንዳስተማረው አስቡት።

ልጁ የታችኞቹን ክፍሎች ያለፈው በነፃ ዝውውር ነው፤ ማንም ሳይወድቅ በሚታለፍበት አሠራር ማለት ነው። የታሰበው ልጁ ገና በሕፃንነቱ በውድቀት ተስፋ ቆርጦ እንዳይቀር፣ መምህሩም በተከታታይ ምዘና ድክመቱን እያየ እንዲደግፈው ነበር። ድጋፉ ተረሳና ዝውውሩ ብቻ ጸና። ከአራተኛ ክፍል ወዲያ ደግሞ ልጁን እስከ ሰባተኛ ያደረሰው የእኛ ማርክ ነው። የስድስተኛ ክፍል ከተማ አቀፍ ፈተናስ እንዴት አለፈ ትሉ ይሆናል። ፈተናው ምርጫ ነው፤ ለማጥቆር ማንበብ አያስፈልግም።

የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት አልቆ ውጤት ሳስገባ ማርክ ሊስቴ ተመለሰልኝ። ጠርዙ ላይ በእርሳስ «የወደቀ በዝቷል፤ እንደገና ይታይ» ይላል። እንደገና አየሁት፤ ያው ነው። ከዚያ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ ተማሪዎቹም የሚወዷቸው አንድ ነባር መምህር መምህራን ማረፊያ ውስጥ አጠገባቸው አስቀመጡኝና በአባት ወግ መከሩኝ፦ «የኔ ልጅ፣ ራስሽን አታስቸግሪ። ሃያውን ማርክ በቡድን ሥራ ስጪያቸው። የወደቀ ሲበዛ የምትጠየቂው አንቺ ነሽ። ማብራሪያ ጻፊ ትባያለሽ፤ የሥራ አፈጻጸም ምዘናሽ ይወርዳል።» ክፋት የለባቸውም፤ የነገሩኝም ሁሉ እውነት ነበር። ይህ ነገር የክፉ ሰዎች ሥራ ቢሆን ኖሮ መላ አይታጣለትም ነበር።

ሃያውን አልሰጠሁም። ማብራሪያ ጻፍኩ፤ ምዘናዬም ወረደ። ጀግንነት አትበሉት፤ ልጅ የለኝም፣ የምጦረውም ሰው የለኝም። ሦስት ልጅ በመምህር ደመወዝ የሚያሳድገውን ሰው አፌን ሞልቼ «አንተም እንዲሁ አድርግ» አልለውም። ለዚህ ነው ልመናዬ ከሁሉ ይልቅ በእናንተ በርዕሳነ መምህራንና በሱፐርቫይዘሮች ላይ የሚበረታው። እውነተኛውን ማርክ ያስገባ መምህር የሚቀጣበትን አሠራር ማስቀረት የምትችሉት እናንተ ናችሁ።

ለአዲስ መምህር የሁለት ዓመት የሙያ ማስተዋወቂያ መርሐ ግብር እንዳለ ታውቃላችሁ። አማካሪ መምህር ይመደብለታል፤ እያንዳንዱ መምህርም በዓመት 60 ሰዓት ለተከታታይ የሙያ ማሻሻያ እንዲያውል ይጠበቃል። የእኔ ፖርትፎሊዮ ወፍራም ነው። ቅጾቹ ተሞልተዋል፤ ፊርማና ማኅተም አላቸው። ክፍሌ የገባው ታዛቢ ግን የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ቀኑንና የዕለቱን ርዕስ ከሰሌዳው ገለበጠ፤ የትምህርት ዕቅዴን አይቶ ፈረመና ወጣ። ከሃምሳ በላይ ልጆች ውስጥ የትኛው እንደሚያነብ፣ የትኛው እንደማያነብ አልጠየቀኝም። እኔም ልጠይቀው የፈለግሁት ብዙ ነበር፤ ለምሳሌ ሰባተኛ ክፍል ላይ ፊደል ያልቆጠረ ልጅ ሲገጥም ጓደኞቹ ፊት ሳያፍር እንዴት ይያዛል? ይህን የሚነግረኝ መጽሐፍ ኮሌጅ ውስጥ አላገኘሁም። እንዲህ እንዲህ እያለ ጀማሪ መምህር ከማስተማር በፊት ቅጽ መሙላት ይለምዳል። ቅጽ መሙላት የለመደ እጅ ማርክ መሙላት አይከብደውም።

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲወጣ፣ ከተፈታኞቹ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸውን ሰምቶ አገር ደነገጠ። በ2015 ደግሞ 3.2፣ በ2016 5.4 በመቶ ሆነ። ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት ጀምሮ ስለነበር ኩረጃው ሲቀር የቀረው ነገር ታየ። አንዱ ሥርዓተ ትምህርቱን፣ ሌላው ሚኒስቴሩን፣ ሌላው ፌስቡክና ቲክቶክን ወቀሰ። ማርክ ሊስት የሞላ ሰው ግን ሊደነግጥ አይገባውም ነበር። የዓለም ባንክም ቢሆን በኢትዮጵያ ከአሥር የ10 ዓመት ልጆች ዘጠኙ ቀላል ጽሑፍ አንብበው አይረዱም ብሏል። እኛ ዘንድ እነዚሁ ልጆች በየዓመቱ አልፈዋል።

የችግሩ ሥር ድህነት ነው የምትሉኝ አላችሁ፤ ልክ ናችሁ፤ ግን ሁሉንም አይሸፍንም። የከተማው የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ምገባ ከጀመሩ ዓመታት አልፈዋል፤ ደብተርና ዩኒፎርምም ይታደላል። ድሮ ጠዋት ሰልፍ ላይ በረሃብ ተዝለፍልፎ የሚወድቅ ልጅ እንደነበረ፣ ዛሬ እንዲያ ያለ እንደማታዩ የነገራችሁኝ እናንተው ናችሁ። አንድ ትልቅ ሰበብ ተነሥቶልናል። በዚያ ላይ ያ የነገርኳችሁ ልጅ ይማራል። ከጥር ጀምሮ በዕረፍት ሰዓት ከጥቂት ጓደኞቹ ጋር ፊደል ይዘን ነበር፤ ሰኔ ላይ ራብዕና ኃምስ አይምታቱበትም፣ አጭር ዐረፍተ ነገርም ያነባል። የሰባተኛ ክፍል ምንባብ ግን ገና አልቻለም። ማርኩም ይህንኑ ይናገራል።

በመጪው መስከረም፣ ምዕራፍ አንድ ከመጀመሩ በፊት፣ እያንዳንዱን ልጅ ድምፁን አሰምቶ አንድ አንቀጽ አስነብቡት። ያልቻለውን መዝግቡ፤ ለመውቀስ ሳይሆን ለማስተማር። ርዕሳነ መምህራን፣ ከማካካሻ ክፍለ ጊዜዎች አንዱን ለእነዚህ ልጆች ንባብ ስጡልን፤ ፊደል ማስቆጠር የሚያውቁትን የታችኛ ክፍል መምህራን መድቡበት። ነባር መምህራን፣ በአዲሱ ዓመት የሚመደቡላችሁን ጀማሪዎች ክፍላችሁ አስገቧቸው፤ ስታስተምሩ ይዩ። ሱፐርቫይዘሮች ደግሞ የወደቀ የበዛበት ማርክ ሊስት ሲቀርብላችሁ መምህሩን ማብራሪያ ከመጠየቃችሁ በፊት ክፍሉ ግቡና ሦስት ልጆች አስነብቡ። ማርኩ እውነት ሆኖ ካገኛችሁት፣ እባካችሁ የመምህሩን ምዘና አታውርዱ።

አክባሪያችሁ፣
አንዲት ጀማሪ መምህርት