ድንጋይ ከማንሳታችን በፊት

ስለ ተፈጥሮ ጥበቃ ጻፍ ብባል ድሮ አልቸገርም ነበር። «የተፈጥሮ ሀብት ለአንድ አገር ዕድገት ወሳኝ ነው» ብዬ ጀምሬ ሁለት ገጽ እሞላለሁ። ፈተና ላይ ብዙዎቻችን በዚሁ ዘዴ ማርክ አግኝተናል። ዛሬ መናገር የምፈልገው ግን ስለ አንድ ድንጋይ ነው። ድንጋዩን የወረወርኩት ደግሞ እኔው ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ዓመት ከጓደኞቼ ጋር ሰሜን ሸዋ፣ መንዝ ውስጥ ወደሚገኘው ጓሳ ሄደን ነበር። ከመኪና እንደወረድን የጭላዳ መንጋ ሜዳው ላይ ተበትኖ ሣር ሲነጭ አገኘን። አንዱ ወንድ ጀርባውን ሰጥቶን ተቀምጧል። እኔም ለፎቶ ዞር እንዲልልን ብዬ ድንጋይ ወረወርኩ። አልመታሁትም፤ መንጋው ግን እየጮኸ ወደ ገደሉ ሸሸ። እኛ ሳቅን። አብረውን የነበሩት የአገሩ ሽማግሌ ግን አልሳቁም። «ልጄ፣ ምን አጠፋብህ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ከዚያ በኋላ ዝም ብለን ቁጭ አልን። ብዙ ቆይተው አንድ በአንድ ተመለሱ። ያን ጊዜ ነው በደንብ ያየኋቸው። በጣታቸው ሣሩን እየለቀሙ፣ ቂጣቸው ላይ ተቀምጠው እየተንፏቀቁ ይበላሉ። ከዝንጀሮ ወገን በዋናነት ሣር በልቶ የሚኖር ጭላዳ ብቻ ነው፤ በዱር የሚገኘውም ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው። ይህን ክፍል ውስጥ ተምሬዋለሁ። ግን መማርና ማየት ለካ ይለያያል!

ሌላም የሚገርም ነገር አለ። እዚያው ጓሳ ላይ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ አንድ ምርምር እንደሚያሳየው፣ ቀይ ቀበሮ በጭላዳዎች መሀል ሆኖ አይጥ ሲያድን ከመቶ 67 ጊዜ ይሳካለታል፤ ብቻውን ሲሆን ግን 25 ጊዜ ብቻ። ግልገሎቻቸውን መንጠቅ ሲችል አይነካቸውም ማለት ይቻላል፤ እነሱም አይሸሹትም። በዓለም ላይ የቀረው አዋቂ ቀይ ቀበሮ 500 አይሞላም። እንግዲህ እነዚህ ሁለቱ ተቻችለው በሚኖሩበት ሜዳ ላይ ነው እኔ ድንጋይ ያነሳሁት።

«ዝንጀሮ እኮ የገበሬ ጠላት ነው» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው፣ ገብስ ያጠፋል። ማሳው ዳር ወንጭፍ ይዞ የሚውለውን ገበሬ እኔ ከተማ ተቀምጬ ልወቅሰው አልችልም። እሱ የልጆቹን እንጀራ እየጠበቀ ነው። እኔ ግን ምኔን እየጠበቅሁ ነበር? የኛ የተማሪዎቹ ድንጋይ ምክንያት የለውም። ውሻ ሲያልፍ፣ ድመት ስትተኛ፣ አሞራ ሲያርፍ እጃችን ወደ መሬት ይሄዳል። ልማድ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም።

እኔን ያሳፈረኝ ደግሞ ይህ ነው፦ ጓሳን ያቆየው እንደኛ የተማረ ሰው አይደለም። የመንዝ ገበሬ ከብዙ መቶ ዓመታት ጀምሮ የጓሳውን ሣር በራሱ ሕግ ሲጠብቀው ኖሯል። አለቃ መርጦ፣ ሜዳውን ለዓመታት ይዘጋል፤ ሣሩ ሲደርስ በቀን ተከፍቶ ለቤት ክዳንና ለገመድ ይታጨዳል። ያለ ቀኑ የገባ ይቀጣል። ያ ሥርዓት በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲፈርስ ሜዳው ተጎዳ። ሕዝቡ ግን ዝም አላለም፤ በኮሚቴ ተደራጅቶ እንደገና ጥበቃውን ያዘ። ቀበሮውና ጭላዳው ዛሬም እዚያ ያሉት ሣሩ ስላለ ነው።

ስለዚህ የኔ አስተያየት አጭር ነው። እንስሳን ማክበር ትልቅ ፕሮጀክት አይጠይቅም። ለመስክ ትምህርት ስንወጣ መጀመሪያ ፎቶ ሳይሆን ጥቂት ደቂቃ ዝም ብለን እንይ። ፌስታላችንን ይዘን እንመለስ። ግቢያችን ውስጥም ውሻው ባለፈ ቁጥር ጎንበስ ማለቱን እንተው። ማየት የለመደ ሰው መገረም ይጀምራል፤ የተገረመበትን ነገር ደግሞ በድንጋይ ለመምታት እጁ አይታዘዝለትም።

ሽማግሌው የጠየቁኝ ጥያቄ እስካሁን አለ። እናንተም እጃችሁ ድንጋይ ሲነካ ራሳችሁን ጠይቁ፦ ምን አጠፋብኝ?