ፖሊስን ከፓርቲ አውጡ! ፓርቲንም ከፖሊስ አውጡ!

ወገን፣ ዛሬ ትንሽ የሚያስከፋ ነገር እንነጋገር። ሌላውን ሳይሆን እኛኑ የሚያስከፋ።

ዩኒፎርም የለበሰ ፖሊስ ሰልፍ መሀል ቆሞ የኛን መፈክር ሲያሰማ ቪዲዮው ሲለቀቅ ምን እንላለን? «ጀግና! የኛ ልጅ!» ሼር በሼር ይሆናል። በነጋታው ሌላው ፖሊስ፣ ያንኑ ዩኒፎርም ለብሶ፣ የሌላውን ወገን መፈክር ሲያሰማ ብናይስ? «የፓርቲ ሎሌ! ፖሊስ ገለልተኛ መሆን የለበትም እንዴ?» ብለን ቀውጢ እናደርገዋለን።

ሁለቱ አብረው አይሄዱም። ወይ ፖሊስ ከሁሉም ፓርቲ ነፃ ይሁን፣ ወይ ማንም እንደፈለገ ይጫወትበት። «ከኛ ጋር ሲሆን ጀግና፣ ከነሱ ጋር ሲሆን ሎሌ» የሚባል መርህ የለም።

እስቲ መጀመሪያ ሕጉን እንየው። አብዛኛዎቻችን ሳናነብ ነው የምንከራከረው። በምርጫና በፓርቲዎች ምዝገባ ሕጋችን፣ በአዋጅ ቁጥር 1162/2011፣ ፖሊስ ሥራውን ሳይለቅ የፓርቲ አባል መሆን አይችልም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ ከነጭራሹ ፖሊስን አይመለከትም። ስለዚህ የፋብሪካ ሠራተኛ በማኅበር ተደራጅቶ ስለ ደመወዙ የሚደራደርበት መንገድ ለኮንስታብሉ ዝግ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 42 የመንግሥት ሠራተኛ እንዲደራጅ ሲፈቅድ እንኳ «የሥራ ጠባዩ የሚፈቅድለት» የሚል ገደብ አስቀምጧል።

ይህ የኛ አገር ፈጠራ ብቻ አይደለም። ኢትዮጵያ የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን በአንቀጽ 22 ላይ በፖሊስና በወታደር የመደራጀት መብት ላይ ሕጋዊ ገደብ ማድረግ ይቻላል ይላል። የዓለም የሥራ ድርጅት 87ኛ ስምምነትም ጉዳዩን ለየአገሩ ሕግ ትቶታል።

ታዲያ ክልከላው ልክ ነው? የፓርቲው ክልከላ፣ አዎ፣ ልክ ነው። ለምን? ፖሊስ ሊያስርህ ይችላል። ቤትህን ሊፈትሽ፣ ቃልህን ሊቀበል፣ መዝገብ ሊከፍትብህ ይችላል። ሌሊት ተደብድበህ ጣቢያ ስትሄድ ቃልህን የሚጽፈው ሳጅን ኪሱ ውስጥ የደበደበህን ሰው ፓርቲ መታወቂያ ይዞ ከሆነ ምን ታደርጋለህ? መታወቂያው የኛ ቢሆንስ? ያኔ ደግሞ የኛ ያልሆነው ሰው ነው ጣቢያው በር ላይ የሚንቀጠቀጠው። እኛ የምንፈልጋት አገር እንዲህ ናት እንዴ?

ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ሕጉ ለአንዱ እናት፣ ለሌላው የእንጀራ እናት ሆኗል።

አንደኛ፣ ክልከላው ወደ ታች ብቻ ነው የሚያየው። ኮንስታብሉን «ፖለቲካ ውስጥ እንዳትገባ» ይለዋል። የኮንስታብሉን አዛዥ የሚሾሙት ግን ሥልጣን ላይ ያሉ የፖለቲካ ሰዎች ናቸው። በስልጠና ስም የገዥው ፓርቲ ሰነድ ከተነበበለት፣ ለፓርቲ በዓል አዳራሽ እንዲሞላ ከታዘዘ፣ እድገቱ በታማኝነቱ ከተመዘነ፣ እሱ ፖለቲካ ውስጥ አልገባም፤ ፖለቲካው ራሱ ነው ካምፑ ድረስ የገባው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 87 ከፓርቲ ወገናዊነት ነፃ ሁን ብሎ በግልጽ ያዘዘው መከላከያን ነው። ፖሊስም እንዲህ ያለ ጠንካራ ቃል በሕገ መንግሥት ደረጃ ይገባዋል፤ ቃሉም አዛዡንና ሿሚውን ጭምር የሚይዝ መሆን አለበት።

ሁለተኛ፣ ከፓርቲ ሲያስወጡት አፉንም አብረው ዘጉት። የፓርቲ አባል አትሁን ማለት አንድ ነገር ነው። ስለ ቤት ኪራይህ፣ ስለ ትርፍ ሰዓትህ፣ በሥራ ላይ ስለተሰበረው እግርህ በጋራ አትናገር ማለት ግን ፍጹም ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያው ሕዝብን ይጠብቃል። ሁለተኛው ማንን እንደሚጠብቅ እናንተው ፍረዱ።

የታጠቀን ሰው አፍ መዝጋት ምን እንደሚያመጣ ከኛ በላይ የሚያውቅ አገር ካለ ንገሩኝ። ጥር 1966 ነገሌ ቦረና የነበሩ ወታደሮች ስለ ምን ነበር ያመፁት? ስለ ምግብና ስለ ውኃ! ሊያጣራ የተላከውን ጄኔራል እስከማገት ደረሱ። ወራት ሳይቆይ፣ ሰኔ 1966 ላይ፣ አስተባባሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። ስሙን አስታውሱ፦ የጦር ኃይሎች፣ የፖሊስ ሠራዊትና የብሔራዊ ጦር። ደርግ ማለት ነው። ፖሊስ በስሙ እዚያ ውስጥ አለ። ከዚያም በፊት፣ በታህሳስ 1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ፣ የፖሊስ ሠራዊቱ አዛዥ ጄኔራል ጽጌ ዲቡ ከመሪዎቹ አንዱ ነበሩ፤ ሕይወታቸውም በዚያው አለፈ። አቤት የሚባልበት በር ሲዘጋ ሰው ግድግዳ ያፈርሳል።

ቅርብ ጊዜ እንምጣ። መጋቢት 2015 የክልል ልዩ ኃይሎች እንዲፈርሱና ወደ ሌሎች የጸጥታ መዋቅሮች እንዲገቡ ሲወሰን፣ ያ ሁሉ የታጠቀ ሰው ስለ ራሱ ዕጣ በጋራ የሚናገርበት አንድም ሕጋዊ ማኅበር አልነበረውም። ከዚያ በኋላ የሆነውን እኔ አልነግራችሁም፤ እናንተው ኖራችሁታል።

ሌሎች እንዴት አደረጉት? እንግሊዝ በ1918 እና በ1919 (እ.ኤ.አ.) ፖሊሶቿ አድማ መቱባት። በ1919 የመቱት ከሥራ ተባረሩ፤ የሠራተኛ ማኅበር አባል መሆንም ተከለከለ። በዚያው ዓመት በወጣው ሕግ ግን ስለ ኑሯቸውና ስለ ሥራቸው የሚናገርላቸው የፖሊስ ፌዴሬሽን ተቋቋመ። በደቡብ አፍሪካ ደግሞ በአፓርታይድ ዘመን፣ በ1989፣ ፖፕክሩ የሚባል የፖሊሶችና የማረሚያ ቤት ሠራተኞች ማኅበር ተመሠረተ፤ ዛሬ በሕግ የታወቀ ማኅበር ነው። ይደራደራል፤ ፖሊስ ግን አድማ መምታት አይፈቀድለትም። ሕገ መንግሥታቸውም የጸጥታ ኃይሎች በሥራቸው የማንንም ፓርቲ ጥቅም እንዳያራምዱ ይከለክላል። ማኅበርና ገለልተኝነት አብረው ይኖራሉ ማለት ነው።

ስለዚህ ጥያቄያችን ግልጽ ይሁን፦

1. ክልከላው ከላይ ይጀምር። የፓርቲ ስብሰባ፣ የፓርቲ ሰነድ፣ የፓርቲ መዋጮ ከካምፕና ከጣቢያ ይውጣ። ያስገባው ሹም ይጠየቅ።

2. ፖሊስ ስለ ደመወዝ፣ ስለ ቤት፣ ስለ ጉዳት ካሣና ስለ ጡረታ የሚናገር የራሱ ማኅበር በሕግ ይፈቀድለት። አድማ አይኑረው፤ ድምፅ ግን ይኑረው።

3. «ይህ ትእዛዝ የፓርቲ ነው፣ አልፈጽምም» ያለ ፖሊስ ከሥራ እንዳይባረር ሕግ ይከልለው።

«ታዲያ ፖሊስ ዜጋ አይደለም? ሐሳብ የለውም?» የሚል አይጠፋም። አለው እንጂ! ድምፁን ይሰጣል። ሥራውን ለቆ የፈለገው ፓርቲ ይገባል። መሣሪያና መታወቂያ ባንድ እጅ አይያዝ ነው ያልነው።

አሁን ወደ እኛ እንመለስ። ፖሊስ የሆነ የሰፈር ልጅ፣ የአክስት ልጅ፣ የትምህርት ቤት ጓደኛ የሌለው አለ? ወደ ቴሌግራም ግሩፓችን አትጎትቱት። «ከኛ ጋር ነህ ወይስ ከነሱ?» ብላችሁ አታስጨንቁት። ዩኒፎርም ለብሶ መፈክራችንን ካሰማ ቪዲዮውን አትልቀቁት፤ ፊቱን ባወጣችሁት ማግስት እንጀራውን የሚያጣው እሱ ነው፣ እናንተ ላይክ ትቆጥራላችሁ። ስሙን እየጠራችሁ ቤተሰቡንም አትሳደቡ። ሲደበድባችሁ በሕግ ክሰሱት። ሲያስጥላችሁ አመስግኑት። የኛ እንዲሆን ግን አትጠይቁት።

የኛ የሆነ ፖሊስ ነገ የነሱ ይሆናል። የሕግ የሆነ ፖሊስ ግን የሁላችንም ነው።

ይህን ለፖሊስ ጓደኛችሁ ሳይሆን ለፖለቲከኛ ጓደኛችሁ አድርሱት።