ሚዛኑ አልወርድ ቢል ስንፍና ነውን?

ምግባችንን ቀንሰን፣ ማታ ማታም ግቢውን በእግራችን እየዞርን ሁለት ወር ቆየን። በመጀመሪያው ሳምንት ጥቂት ቀለልን፤ ከዚያ ወዲህ ግን የሚዛኑ መርፌ ካለበት አልተነቃነቀም። ከዚህም የተነሣ በምግብ አዳራሹ ሰልፍ «ተደብቀው ይበላሉ» እየተባልን መሣቂያ ሆነናል።

ፈራጆቻችን እስቲ ነገሩን በሒሳብ ይመልከቱልን። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ያህል አለው፤ ግማሽ ሰዓት ዝግ ብሎ መራመድ የሚያቃጥለውም ከዚህ እምብዛም አይበልጥም። ስለዚህ በጾም ሽሮ ላይ የተጨመረ አንድ ማንኪያ ዘይት የምሽቱን ጉዞ ሁሉ ይውጠዋል። ቅቤ ስለ ቀረ ብቻ ቀለል ያለ ምግብ የበላን ሲመስለን የተታለልነው በዚህ ነው።

ሰውነትም በበኩሉ ሲጎድልበት ቆጣቢ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1945 በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ዶክተር አንሴል ኪስ 36 ፈቃደኛ ወጣቶችን ለስድስት ወር ያህል በቀድሞ ምግባቸው እኩሌታ ገደማ አኖሯቸው። ወጣቶቹ ከሱ፤ ነገር ግን ሰውነታቸው በዕረፍት ጊዜ የሚያቃጥለው ኃይል እጅግ ቀነሰ። ምግብ የቀነሰ ሰው መጀመሪያ ከስቶ ኋላ ባለበት የሚቆምበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

እንግዲህ ፌዙ ይቅር። መራመዱ ግን አይቅር፤ ክብደት ባይቀንስ እንኳ ልብን ይጠቅማልና። ማኅበራችንም ሁለት ነገር ይጠይቅልን፦ የምግብ ቤቱ ዘይት በልክ ይሁን፤ የስፖርቱ ሜዳም ለቡድን ተጫዋቾች ብቻ ሳይሆን ለሁላችን ይከፈት። የወፈረ ሁሉ ሰነፍ አይደለም፤ የከሳም ሁሉ ትጉ አይደለም።