ሜትሩን ማን ይያዝ?

ሞተር የሚነዳ ልጅ ያላችሁ ወላጆች ይህን ታውቁታላችሁ። ማታ የግቢው በር እስኪንኳኳ ራት አይበላም፤ ቢበላም አይወርድም። እኛ ኮልፌ ቀራንዮ ደግሞ መንገዱ ራሱ ይፈትናል። አስፋልቱ ሲያልቅ ኮብልስቶን፣ ኮብልስቶኑ ሲያልቅ ኮረኮንች ይቀጥላል። ከተማ አስተዳደሩ በ2011 ዓ.ም. ፈቃድ የሌለው ሞተር እንዳይንቀሳቀስ ከከለከለ ወዲህ በየመንገዱ የምናያቸው ብዙዎቹ ልጆች እንጀራ ፍለጋ የወጡ ናቸው።

የእህቴ ልጅም ከእነሱ አንዱ ነው፤ በሞተር ዕቃ ያደርሳል። ሲያርፍ በስልኩ የሚያየው ሞቶክሮስ ነው፤ በአፈር ጉብታ ላይ ሞተር እያዘለሉ የሚወዳደሩበትን ስፖርት። እናቱ "ይህን እያየህ ነው የምትከንፈው!" ትለዋለች። እኔ ግን አብሬው እያየሁና እየጠየቅሁ አንድ ቁም ነገር ይዣለሁ። በዚያ ውድድር ድፍረት ብቻውን አያሸንፍም። ሞላውና ሾኩ ለነጂው ክብደት ካልተስተካከሉ ጎበዙም ሰነፍ ይመስላል።

በ1973 እ.ኤ.አ. ስዊድናዊው ሆካን አንደርሰን የ250 ሲሲ የዓለም ሻምፒዮን ሲሆን፣ የነዳው ያማሃ ከኋላ እንደ ሌሎቹ ግራና ቀኝ ሁለት ሾክ አልነበረውም። ሉሲየን ቲልኬንስ የተባለ ቤልጅጋዊ መሐንዲስ ያፈለቀው አንድ ረጅም ሾክ ነበር የተገጠመለት። ጎማው ከቀድሞው ይልቅ ብዙ ከፍና ዝቅ ማለት ስለቻለ ጉብታው ላይ መሬቱን አልለቀቀም። ዛሬ የሞቶክሮስ ሞተር ጎማ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ይወጣል፣ ይወርዳል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሞላው ክብደት ይሸከማል። ሾኩ ውስጥ ያለው ዘይት ደግሞ በጠባብ ቀዳዳ እያለፈ ሞላውን ይገታል፤ ያ ባይኖር ሞተሩ እንደ ኳስ ይነጥር ነበር። ሞላው ለነጂው ከጠነከረ እያንዳንዱ ጠጠር በእጁ ላይ ያርፋል። መሪውን አጥብቆ ሲይዝ ክንዱ ይወጠራል፤ ጣቶቹ ፍሬንና ፍሪሲዮን መሳብ ያቅታቸዋል። ከላላ ደግሞ ጉድጓድ ሲያገኝ መጨረሻው ድረስ ወርዶ ይመታል። ኋላው ብቻ ከሰመጠ ፊቱ ይቀላል፤ ኩርባ ላይ ሞተሩ ወደ ውጪ ይሄዳል። አያቶቻችን በበቅሎ ዘመን ያውቁት ነበር፤ ያልተመቸ ኮርቻ እንስሳዋንም ጋላቢውንም ያቆስላል።

ተወዳዳሪዎቹ ይህን የሚያስተካክሉት በግምት ሳይሆን በሜትር ነው። ሞተሩ ተነሥቶ የኋላው ጎማ ሲንጠለጠል ከጎማው እምብርት እስከ ኮርቻው ሥር ያለ አንድ ምልክት ይለካል፤ 60 ሳንቲ ሜትር ነው እንበል። ከዚያ ነጂው ሙሉ ልብሱንና ሄልሜቱን አድርጎ ሲቀመጥ እንደገና ይለካል። 50 ከሆነ ሞተሩ 10 ሰምጧል፤ ከ30ው ሲሶው ማለት ነው። ለሞቶክሮስ የሚፈለገውም ወደዚያ ገደማ ነው። ለመንገድ ሞተር ከሩብ እስከ ሲሶ ይበቃል።

አሁን ወደ ቤታችን ልምጣ። ልጁ ማታ ሲገባ እጁ ይደነዝዛል፤ የሻይ ብርጭቆ ሲያነሳ ይንቀጠቀጣል። እናቱ አጉል ነገር የጀመረ መስሏት እንቅልፍ አጣች። "ሽጠው፤ ሌላ ሥራ ይገኛል" ስትለው፣ "እማዬ፣ የቤት ኪራዩንስ ማን ይከፍላል?" ብሎ ዝም አሰኛት።

ታዲያ አንድ እሑድ ልኬቱን እንሞክረው ተባባልን። ችግሩ፣ ሰው ብቻውን አይለካውም። አንዱ ይቀመጣል፣ አንዱ ሞተሩን ቀጥ አድርጎ ይይዛል፣ አንዱ ይለካል። "እትዬ፣ ነይ ሜትሩን ያዢልን" አልኳት። ሞተሩን ነክታው የማታውቅ ሴት ጎንበስ ብላ ቁጥሩን አነበበች። የኋላው ጎማ ጠቅላላ እንቅስቃሴ 11 ሳንቲ ሜትር ነው። ልጁ የተጫነ የዕቃ ሳጥኑን ይዞ ሲቀመጥ 6ቱ አልቋል፤ ለሰፈራችን ጉድጓድ የቀረው ከግማሽ በታች ነው። የሞላው ማስተካከያ ቀለበትም ግራው በአንድ ደረጃ፣ ቀኙ በሌላ ደረጃ ላይ ነበር።

እኩል አድርገን ሁለት ደረጃ ስናጠብቀው መስመጡ ወደ 4 ተኩል ወረደ። ቀለበቱን ማጥበቅ ግን ሞተሩን ከፍ ያደርገዋል እንጂ የደከመን ሞላ አያበረታም። መካኒኩም ይህንኑ ነግሮን ሁለቱም በአንድ ላይ ተቀየሩ፤ አሁን 3 ተኩል ነው። በሁለተኛው ሳምንት ብርጭቆው መንቀጥቀጡን ተወ። እናቱ ዛሬም በር እስኪንኳኳ አትተኛም፤ ግን "ሽጠው" ማለቷ ቀርቷል። በወር አንዴ "ና እንለካ" የምትለው እሷ ናት።

እናንተም ቤት ሞተር ካለ ሦስት ነገር እዩ። የሁለቱ ሾኮች ቀለበት እኩል ነው? ኋላውን በኃይል ተጭናችሁ ስትለቁት አንዴ ተነሥቶ ይረጋል ወይስ ደጋግሞ ይነጥራል? የሚነጥር ከሆነ ሾኩ ደክሟል። የፊት ሾኩ ዘንግ ላይስ ዘይት አለ? ካለ ወደ ፍሬኑ ሊወርድ ስለሚችል ሳይጠገን ልጁን አትልቀቁት። ሳጥኑንም ከልክ በላይ አያስጭን፤ ከባዱ ዕቃ ወደ ልጁ ጀርባ ይጠጋ።