«ፍሬኑ ገና ነው» ማለት ስንት ሚሊሜትር ነው?

መኪናችሁን ሰርቪስ አስገብታችሁ ስትረከቡ መካኒኩ «ፍሬኑ ገና ነው፣ ምንም አይልም» ካላችሁ አንድ ጥያቄ ጠይቁልኝ፦ ስንት ሚሊሜትር ቀርቶታል?

ብዙ ጊዜ የምታገኙት መልስ ፈገግታ ነው። ወይም «በዓይኔ አይቼዋለሁ እኮ!» ትባላላችሁ። የኔ አቋም ግልጽ ነው፦ ፍሬን አይታይም፣ ይለካል። ሳይለካ «ቼክ ተደርጓል» ሊባል አይገባም።

ለምን? ከሸራው እንጀምር። የአብዛኞቹ የቤት መኪኖችና ሚኒባሶች የፊት ፍሬን ዲስክ ነው። ሁለት ሸራዎች (ፓድ የምትሉት) ዲስኩን ከውስጥና ከውጭ ጨምቀው ይይዙታል። ጎማው ሳይፈታ በቸርኬው ቀዳዳ አጮልቃችሁ ብታዩ የሚታያችሁ የውጪው ሸራ ብቻ ነው። ካሊፐሩ የሚንሸራተትበት ፒን ዝጎ ወይም ግሪስ አጥቶ ከያዘ ደግሞ አንደኛው ሸራ፣ ብዙ ጊዜ የውስጡ፣ ቀድሞ ያልቃል። የውጪው 7 ሚሊ ሆኖ የውስጡ 2 ሚሊ ሊሆን ይችላል። በዓይን ያየ ሰው «ገና ነው» ቢል አልዋሸም፤ ያየውን ነው የተናገረው። ችግሩ ያላየው ላይ ነው።

ስለዚህ ጎማው ይፈታ፣ አራቱም የፊት ሸራዎች ይለኩ። ሲለካ ከሸራው ጀርባ ያለው ብረት አይቆጠርም። በብዙ ትንንሽ መኪኖች አዲስ ሸራ 10 ሚሊ ገደማ ነው። 3 ሚሊ ሲደርስ መቀየር ጥሩ ልማድ ነው። «ሲጮህ እቀይረዋለሁ» የምትሉ አላችሁ። የሚጮኸው ትንሿ የማስጠንቀቂያ ብረት ዲስኩን መንካት ስትጀምር ነው፤ ሁሉም ሸራ ግን ያቺ ብረት የለውም፣ ባለችበትም ብዙ ጊዜ ያለችው በአንዱ ሸራ ላይ ብቻ ነው።

አሁን ወደተረሳው እንምጣ፣ ወደ ዲስኩ። ሸራ ሲቀየር ዲስኩን ማን ይለካዋል? በአብዛኞቹ ዲስኮች ላይ ዝቅተኛው የተፈቀደ ውፍረት ታትሟል፤ ዝገቱን በብሩሽ ጠረግ ስታደርጉት ይነበባል። ልዩነቱ ትንሽ ነው። ለምሳሌ አዲሱ 22 ሚሊ፣ ዝቅተኛው 20 ሚሊ የሆነ ዲስክ አለ እንበል። 2 ሚሊ ለሁለት ጎን ሲካፈል በአንድ ጎን 1 ሚሊ ማለት ነው። ይህን የሚለይ ዓይን ካለ ያሳዩኝ!

እዚህ ላይ ተማሪዎቼ የነበራችሁ ቨርኒየር ካሊፐርን አስታውሱ። ብታስታውሱም ግን ያሳስታችኋል። ሸራው የማይነካው የዲስኩ ዳር ሳይበላ ስለሚቀር ከንፈር ያወጣል። ካሊፐሩ እሱ ላይ ካረፈ የምታነቡት የከንፈሩን ውፍረት ነው፤ የተበላው ክፍል ከዚያ በታች ነው። ትክክለኛው መሣሪያ ማይክሮሜትር ነው፤ ከዳሩ 1 ሴንቲሜትር ያህል ገባ ብሎ፣ በዲስኩ ዙሪያ ቢያንስ አራት ቦታ ይለካል። ከተገኘው ውስጥ ትንሹ ቁጥር ይወሰዳል፣ አማካዩ አይደለም።

ማይክሮሜትር ከሌለ ዘዴ አለ። ሁለት ተመሳሳይ ሳንቲሞች ከከንፈሩ ገባ አድርጋችሁ በዲስኩ ግራና ቀኝ ያዙ፣ ከነሳንቲሞቹ በካሊፐር ለኩ፣ የሳንቲሞቹን ውፍረት ቀንሱ። ሁሉም አንድ ላይ 23.5 ቢመጣና ሁለቱ ሳንቲሞች 3.6 ቢሆኑ ዲስኩ 19.9 ነው። ዝቅተኛው 20 ከሆነ በቃ፣ ዲስኩ ጊዜው አልፏል። «0.1 ሚሊ ምን ታመጣለች?» እንዳትሉ። 20 ራሱ የመጨረሻው ድንበር ነው፤ እዚያ የደረሰ ዲስክ ከዚህ በኋላ እየሳሳ እንጂ እየወፈረ አይሄድም።

ቶርኖ ቤት የሚላኩ ዲስኮችም አሉ። መሪው ሲንቀጠቀጥ ዲስኩ ይላጫል፣ ለስልሶ ይመለሳል፣ ያምራልም። ግን ተላጨ ማለት ሳሳ ማለት ነው። ከተላጨ በኋላ ያልተለካ ዲስክ ተጠገነ አልልም።

ውፍረቱ ለምን ይህን ያህል አስጨነቀኝ? ፍሬን እንቅስቃሴን ወደ ሙቀት ይቀይራል፤ አብዛኛውን ሙቀት የሚሸከመው ደግሞ ዲስኩ ነው። 1000 ኪሎ የሚመዝን መኪና በሰዓት 60 ኪሎሜትር ከሚሄድበት ፍጥነት ሲቆም 139 ኪሎጁል ገደማ ሙቀት ይወጣል። ያው መኪና ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ሲወርድ ከ1000 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። 1000 ሜትሩን ብቻ ብናሰላ 9800 ኪሎጁል ነው፤ ከ60 ላይ ሰባ ጊዜ እንደመቆም። ማርሽ ቀንሶ የሚወርድ ከፊሉን ለሞተሩ ያካፍላል። ነዳጅ ልቆጥብ ብሎ በፍሪ የሚወርድ ግን አብዛኛውን ፍሬኑ ላይ ይጭነዋል። የሳሳ ዲስክ ብረቱ ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ይግላል። ሸራው መያዝ ያቅተዋል፣ የፍሬን ዘይቱ ሊፈላ ይችላል፣ ፔዳሉ ወለል ይነካል። ከዚያ «ፍሬን በጠሰ» ይባላል። ፍሬን ግን ሁልጊዜ በድንገት አይበጠስም፤ አንዳንዱ በሚሊሜትር እያለቀ ቆይቶ ነው የዚያን ቀን ስሙ የሚጠራው።

«መኪናዬ ምርመራ አልፏል፣ ቦሎ ተለጥፎልኛል» የምትሉም አትዘናጉ። ሮለር ያለው ማሽን የሚለካው ፍሬኑ በዚያን ቀን ያለውን የመያዝ ኃይል ነው። ሸራው ስንት ወር እንደቀረው አይነግራችሁም።

መካኒኮችን ለመውቀስ አይደለም የምጽፈው። ለዘይት ቅየራ ዋጋ እየተከራከርን፣ «ቶሎ ጨርስልኝ» እያልን፣ ጎማ ፈትቶ ለመለካት የሚፈጀውን ጊዜ የማንከፍለው እኛው ነን። ለልኬት ይከፈል! ለመካኒኩም ይጠቅመዋል፤ «ሸራህ አልቋል» ሲል ሌላ ገንዘብ ፈልጎ እንደሆነ ከመጠርጠር ቁጥሩ ያድነዋል። እናንተንም ገና የሚሠራ ሸራ ከመጣል ያድናችኋል።

ቁጥሩ ይጻፍ፣ ከኪሎሜትሩ ጋር። አንድ ልኬት የዛሬን ይነግራችኋል፣ ሁለት ልኬት ደግሞ የነገን። ባለፈው ሰርቪስ 9 ሚሊ የነበረ ሸራ ከ10,000 ኪሎሜትር በኋላ 7 ከሆነ፣ አነዳዳችሁ ካልተለወጠ 3 ሚሊ እስኪደርስ 20,000 ኪሎሜትር ገደማ ቀርቶታል። ይህን ለማስላት የዘጠነኛ ክፍል ሂሳብ ይበቃል።

እንግዲህ በሚቀጥለው ሰርቪስ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ የውስጡም የውጪውም ሸራ ስንት ሚሊ ነው? ዲስኩ በጣም የሳሳበት ቦታ ስንት ነው? ዲስኩ ላይ የታተመው ዝቅተኛ ቁጥርስ? መልሱን በወረቀት ተቀበሉ።

ጋራዥ ያላችሁ፣ በዚህ ሥራ ላይ ያላችሁ የድሮ ተማሪዎቼ፣ የምታስተካክሉት ወይም የምትጨምሩት ካለ ኮመንት ላይ ጻፉ። ሌሎቻችሁ ሚኒባስ ለሚነዳ ወዳጃችሁ ሼር አድርጉለት። በሰላም ግቡ።