የአባትህ ሌሊት

አንባቢዬ ሆይ፤ ለዕረፍት ወደ አገር ቤት ስትሄድ፣ አባትህ በአንድ ሌሊት አራት ጊዜ ለሽንት ሲወጡና ደጅ ቆመው ሲቆዩ ሰምተህ ይሆናል። ብትጠይቃቸው «ብርድ መትቶኝ ነው» ብለው ያልፉሃል። ምክንያቱ ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ነው።

ከሽንት ፊኛ በታች፣ የሽንቱን ቧንቧ ከብቦ የሚገኝ ፕሮስቴት የሚባል እጢ አለ። ዕድሜ ሲገፋ እያደገ ቧንቧውን ያጠብባል። ይህ እድገት ካንሰር አይደለም፤ ካንሰር አለመኖሩን የሚለየው ግን ሐኪም ነው። በመጀመሪያ ኪኒን ይሞከራል። ኪኒኑ ካልረዳ፣ ሽንት ከተዘጋ ወይም ኩላሊት ከተጎዳ ቀዶ ሕክምና ይታሰባል።

«ሆዴን ሊቀዱት ነው» ብለው ይፈሩ ይሆናል። ሁልጊዜ እንዲህ አይደለም። አንደኛው መንገድ በሽንት ቧንቧ በኩል ቀጭን መሣሪያ አስገብቶ፣ አናጢ እንጨት እንደሚልግ፣ በኤሌክትሪክ ሽቦ እጢውን ከውስጥ እየላጉ ማውጣት ነው። ሁለተኛው በዚያው በኩል በሌዘር ጨረር መፈልቀቅ ነው። በሁለቱም በሆድ ላይ ቢላዋ አያርፍም። እጢው እጅግ ከተለቀና ሌዘር ከሌለ ግን ከእምብርት በታች ተቀዶ ይወጣል፤ ቴሬንስ ሚሊን የተባለው ሐኪም በ1945 እ.ኤ.አ. ያሳወቀው ዘዴ ዛሬም ይሠራበታል።

ከዚያ በኋላ ጥቂት ቀን በቱቦ መሽናት አለ፤ ደምም ይታያል። የዘር ፈሳሽ ወደ ፊኛ ሊመለስ ይችላልና፣ ልጅ የሚሻ ሰው አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። አባትህ ይህን ለልጃቸው መናገር ያፍራሉና ነገሩን አንተ አንሣው፤ ሐኪም ቤትም አብረሃቸው ሂድ።